ከጎንደር ላሊበላ በአውሮፕላን፦ አየር ላይ ግማሽ ሰዓት፣ መሬት ላይ ግማሽ ቀን

እማዬን ላሊበላ ላሳልማት ብዬ ከጎንደር በአውሮፕላን ይዣት ሄድኩ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ይኸው። በአየር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ግን በወረታ በደብረ ታቦር አድርገህ በጋሸና ዞረህ ስትገባ እጥፍ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ወገብህ ሲላጥ ነው የሚውለው። አውሮፕላኗ ያቺ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ዳሽ 8 ነች፣ ድምጿ ትንሽ ይረብሻል እንጂ ፈጣን ናት። ከተነሳን ግማሽ ሰዓት ቢሆነን ነው፣ እማዬ ውዳሴ ማርያሟን ሳትጨርስ ቀበቶ እሰሩ ልናርፍ ነው ሲባል "ውይ ልጄ፣ ተመለስን እንዴ?" አለችኝ፣ ጎናችን ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ስትሄዱ በቀኝ በኩል መስኮት ያዙ፣ መጀመሪያ ጣና ከሩቅ ያብረቀርቃል ከዛ ጉና ይመጣል፣ ለሱ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ።

የሚያናድደው መሬት ላይ ያለው ነው። አዘዞ ያለው ኤርፖርት ከፒያሳ 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮንትራት የያዝነው ሹፌር እማዬን በነጠላዋ አይቶ ነው መሰለኝ መንገድ ላይ ሂሳብ ጨመረብን። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ላሊበላም ስትወርዱ ከተማው ለመግባት ገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራችኋል። ከቤት እስከ ሆቴል አምስት ሰዓት ፈጀብን።

ደግሞ ትኬት ስትቆርጡ ቀጥታ መሆኑን እዩ፣ በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ መልሳችሁ ወደ ሰሜን ነው የምትመጡት።