የወይን በርሜሌ ከ11 ወር በኋላ፦ በጋው የሠራኝ ሥራ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ሮጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ውሃው ከቆርቆሮው ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው የዝናብ ውሃ ላጠራቅምበት ወደ ገዛሁት አሮጌ የወይን ጠጅ በርሜል ይንዶለዶላል። በርሜሉ ግን ስንዝር እንኳ አልያዘም። በየጣውላው መጋጠሚያ ይፈነጥቃል፤ ወንፊት ሆኗል። የታችኛው የብረት ቀለበት ወልቆ መሬት ላይ ወርዷል። ሦስት ወር የጠበቅሁት ዝናብ ዓይኔ እያየ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ያን ማታ የሸጠልኝን ሰው በልቤ ስሞግተው አደርሁ። ባለፈው ሰኔ አዲስ አበባ ስገዛው «ጋሼ፣ ይህ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው፤ የበጋውን ውሃ ይይዝልዎታል» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ የትኛውን በጋ? በርሜሉ 225 ሊትር ነው፤ 11 ጀሪካን መሆኑ ነው። እኔ ለጎመኑ፣ ለቃሪያውና ለስድስቱ የጌሾ እግር በቀን ሁለት ጀሪካን አጠጣለሁ። ሳምንት እንኳ አይደርስም! ክረምት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውሃ የሚያወርደው የጣሪያዬ ጎን 40 ካሬ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለበት 400 ሊትር ይወርዳል። ግማሹ ለማለት ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተርፎ ይፈስሳል።

ይህንንስ ራሴ ማስላት ነበረብኝ። ያንገበገበኝ ሳይነግረኝ የቀረው ነው። የእንጨት በርሜል ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚዘጋው። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ቀለበቱም ይላላል። እኔ ጥር ላይ ውሃው ሲያልቅ ባዶውን ፀሐይ ላይ ተውሁት። «ባዶውን እንዳያከርሙት» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ለማገዶ ልፈልጠው ስል ያዳኑኝ ጎረቤታችን አባባ ናቸው። «መጥረቢያ ከዛቢያው ሲላላ ትጥለዋለህ? ውሃ ውስጥ ትዘፍቀዋለህ እንጂ» አሉኝ። ገልብጠን ቀለበቱን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታን ወደ ሆዱ መለስነው። ከዚያ አቁመን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልነውና ውሃ እየጨመርን ጠበቅን። የመጀመሪያው ቀን የጨመርሁት ሁሉ ወጣ። በሁለተኛው እስከ ወገቡ ያዘ። በሦስተኛው ማታ ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጆንያውን ስገልጠው አንዲት ጠብታ ብቻ ከታች ተንጠልጥላለች፤ ስጠርጋት ሌላ አልተካችም። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላው ደህና ነው። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ቀልቶ ወይን ወይን ይሸት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ «ጠጅ ልትጥልበት ነው ወይ?» እያለ ጠይቆኛል። አፉን ለቢምቢ ብዬ በወንፊት ሽቦ ከድኜዋለሁ። የተቀመጠው በድንጋይ መደብ ላይ ነው፤ ሲሞላ ከሁለት ኩንታል በላይ ስለሚመዝን በባዶ መሬት ላይ ይሰምጣል። እንጨቱ ብርሃን ስለማያስገባ ውሃው አረንጓዴ አይሆንም። ጎረቤቴ ግን ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ያቆየው ውሃ በሁለት ሳምንት ነው የሚለመልምበት።

ለበጋ ብሎ የሚገዛ ሰው ይቅርበት፤ ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር ይግዛ። እኔ የምፈልገው ግን ዝናብ ጥሎ ጥቂት ቀን ለሚጠፋባቸው ለግንቦትና ለጥቅምት ነው፤ ለዚያ ይህን በርሜል በምንም አልለውጠውም። የመጪው ጥር ቦታው ተዘጋጅቷል፤ ከሎሚው ጥላ ሥር አስገብቼ፣ በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ውሃ ከውስጥም ከውጭም አጠጣዋለሁ። ትናንት ማታ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ሳየው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ግን ደረቅ ነው።