ፕላውተስ ወይስ ቴረንስ?

የጥንቷን ሮም ኮሜዲ ማንበብ ለሚጀምር ሰው ሁለት በር አለ፦ ጸሐፌ ተውኔቶቹ ፕላውተስና ቴረንስ። ሁለቱም የግሪክ ተውኔቶችን ወስደው በላቲን እንደገና ጻፉ። ስልታቸው ግን ለየቅል ነው።

ፕላውተስ ጨዋታ ያውቃል። በእጃችን ያሉት 20 ያህል ተውኔቶቹ ናቸው። ብልጡ ባሪያ ጌታውን ያታልላል፤ ጉረኛው ወታደር ይዋረዳል። ዘፈኑ ብዙ ነው። ተዋናዩ በመሃል ዞር ብሎ ተመልካቹን ያናግራል። እንዲህ መሆኑም አይገርምም። ተውኔቱ የሚታየው በበዓል ቀን፣ ለጊዜው በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ነበር። ሮም ቋሚ የድንጋይ ቲያትር ያገኘችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ነው። በእንጨቱ መድረክ ዙሪያ ሌላ ትርኢት ሞልቷል፤ የሰለቸው ሰው ተነስቶ ይሄዳል።

ቴረንስ ይህ ደርሶበታል። «አማት» የተባለው ተውኔቱ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። አንዴ የገመድ ላይ ትርኢትና ቡጢ፣ አንዴ ደግሞ ግላዲያተሮች ይመጣሉ የሚል ወሬ ሕዝቡን አመሰው። ተሳክቶ የታየው በሦስተኛው ነው። ያም ሆኖ ሕዝብ አልወደደውም ማለት ስህተት ነው። «ጃንደረባው» የተባለው ተውኔቱ 8,000 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) አስገኝቶለታል፤ ለኮሜዲ ከዚያ በፊት ያልተከፈለ ገንዘብ ነው ይባላል።

የቴረንስ ተውኔቶች ስድስት ብቻ ናቸው። ቋንቋው የተጣራ፣ ሳቁ ለስለስ ያለ ነው።

እኔ በፕላውተስ ጀምሩ እላለሁ፤ ያውም ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ። ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ግን የቴረንስን «ወንድማማቾቹ» አስቀድሙ። አንዱ አባት ጥብቅ፣ ሌላው ልል ነው። ክርክራቸው ዛሬም በየቤታችን አለ።