ፀሐይ ያረፈበትን ድንጋይ መሳል ላስተማሩኝ መምህር

የዘይት ቀለም ሥዕል መማር ፈልጋችሁ «ማን ጋ ልሂድ?» ለምትሉ ሁሉ የኔን መምህር ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም፤ ስለዚህ እኛ ተማሪዎቻቸው እንደምንጠራቸው ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

የሄድኩት ፀሐይ ያረፈበት ሕንፃ መሳል ለመማር ነበር። ጋሼ ደግሞ የሰጡኝ ሥራ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ያለውን ካቴድራል (ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) ከሳለባቸው ሥዕሎች አንዱን ኮፒ ማድረግ ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ የተሳለውን፣ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ያለውን። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ፣ ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር ሸራ እየቀያየረ ያንኑ ሕንፃ ከ30 ጊዜ በላይ ስሎታል። «ሕንፃው አንድ ነው፣ የሚለየው ሰዓቱ ነው፤ እሱን ነው የምትማሪው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያሠሩኝ ጥላውን ብቻ ነው። ዓይንሽን አጥበሽ እዪ ይላሉ፤ እውነትም ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራሉ። ያንን በተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በቀጠነ ቀለም አስቀመጥኩ። ወፍራሙ የሚመጣው በኋላ ነው። ዘይት ያነሰው ከታች፣ ዘይት የበዛው ከላይ፤ ከተገለበጠ ሥዕሉ ሲቆይ ይሰነጠቃል።

ዓይኔን የከፈተልኝ ግን የበሮቹ ክፍል ነው። ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በበሮቹ ውስጥ ያለው ጥላ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ነው፤ ጥቁር አይደለም። ጋሼ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ፀሐይ ያረፈበት መሬት ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ የበሩን ውስጥ የሚያሞቀው እሱ ነው፣ ወደ ሰማይ የተገለጠው ጥላ ደግሞ የሰማዩን ሰማያዊ ይይዛል አሉን። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ የማይበት መንገድ ተቀየረ ብል ማጋነን አይደለም።

ነጭ ቀለምም እንደዚሁ። ነጭ ሲበዛ ድንጋዩ ኖራ የተቀባ ይመስላል፣ አይበራም። ጋሼ ነጩ ላይ ትንሽ ኦከር የሚባለውን አፈር መሳይ ቢጫ አስጨመሩኝ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ጥላ ወደ ሰማያዊ እንድወስደው ነገሩኝ። ብርሃን ያረፈበትን ድንጋይ ሳልነካው፣ ጥላው ሲቀየር እሱ በራ!

በጣም የማከብርላቸው ነገር በተማሪ ሸራ ላይ እጃቸውን አለማሳረፋቸው ነው። በራሳቸው ቁራጭ ሸራ ያሳዩና ጠርገው ያጠፉታል፤ የቀረው የተማሪው ነው። ስልክ እያየን እንድንሠራም አይፈቅዱም፣ ስክሪን ራሱ ስለሚያበራ የድንጋዩን ነጭ ያሳስታል፤ ጥሩ ህትመት ያስይዙናል። ቅጂው ከዋናው በመጠን እንዲለይ ያደርጋሉ፣ ከጀርባውም ቅጂ መሆኑን ያስጽፋሉ። ይሄ ለሙያው ያላቸውን ክብር ያሳያል።

ቅጂው ሲያልቅ ወደ ውጭ ያወጣሉ፣ እውነተኛ ሕንፃ ፊት። እዚያ ደግሞ ጥላው ይሸሻል። «ጠርዙን መጀመሪያ ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ አትከተሉት» ይላሉ፤ ይቺ ምክር ብቻዋን ትምህርቱን ታክላለች።

ቶሎ ቶሎ ጨርሶ ግድግዳ ላይ መስቀል ለሚፈልግ ሰው ጋሼ አይሆኑም፣ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን ከልቤ እመሰክራለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለማይቀበሉ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።