ቀድሞ ሱቅ፣ ዛሬ ቁርስ ቤት፦ በደብረ ብርሃን አሮጌው ሰፈር

ይህን አስተያየት የምጽፈው በደብረ ብርሃን አሮጌው የከተማ ክፍል፣ ቀድሞ የሸቀጥ ሱቅ በነበረ የጭቃ ቤት ውስጥ ስለተከፈተ አንድ ቁርስ ቤት ነው። ጉድለቱንም ስለማነሣ ስሙን አልጠቅስም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ወደ መንገድ ከሚከፈቱት ሦስት ሰማያዊ የእንጨት በሮቹ ወዲያው ይለየዋል። ባለፉት ሦስት ወራት ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አምስቱ በሥራ ቀን ማለዳ፣ ሁለቱ ደግሞ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ቤት ያህል ስለሆነ ለየብቻ መናገር ይኖርብኛል።

ቤቱ የጥድ ምሰሶ የቆመለት፣ በማገር የተያያዘ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ ክዳንና ከፊቱ ጠባብ በረንዳ ያለው የድሮ ሱቅ ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በከተማችን የሚገጥማቸው ዕጣ የታወቀ ነው፤ ወራሾች ሳይስማሙ በሩ ተዘግቶ ይከርማል፣ ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ በመጨረሻም ቤቱ ፈርሶ በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ይተካዋል። የዚህ ቤት ባለቤቶች ግን ሦስቱንም በሮች ለመንገዱ ከፈቱ። አንደኛውን ለልብስ ሰፊ፣ ሁለተኛውን የመንዝ ባናና ዝተት ለምትሸጥ ሴት አከራዩ፤ በሦስተኛው ራሳቸው ቁርስ ይሸጣሉ። ከምግቡ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ውሳኔ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው እስኪደርስለት ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ ሊጠጣ የገባውም ሲወጣ ባናውን ዳስሶ ዋጋ ይጠይቃል።

ስለ ቅርስ ሲነሣ የሰሜን ሸዋ ሰው አሳቡ የሚሮጠው ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው፤ ደብረ ብርሃንንም ቢያነሣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ስለታየው ብርሃን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና በዚያው እንደ ተቀመጡ ይተርካል። ታሪኩ የሚኮራበት ነው። ሆኖም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቆሞ የሚታይ የንግድ ቤት ስለሌለን፣ ለዛሬው ነዋሪ የከተማው መሐል ማለት ጨርቅ፣ ጨውና ስኳር የተሸጠባቸው እነዚህ ተራ ሱቆች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ከተቋቋመና የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከተማው ወደ ዳር ሲለጠጥ፣ የመሐሉ ሱቆች ደንበኞቻቸውን እያጡ መጥተዋል።

በሥራ ቀን ከሄዳችሁ ቤቱን ትወዱታላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ በበረንዳው አግዳሚ ላይ ግን የመንዝ ባና ተነጥፏል፣ ከእግር ሥር የከሰል ምድጃ ይቀመጣል። የገብስ ቂንጬው በቅቤ የራሰ፣ ፍሬው ያልሟሟ ነው። በጾም ቀን ስልጆ በቀይ እንጀራ ያቀርባሉ፤ የሰናፍጩ ኃይል አፍንጫ ድረስ ይዘልቃል። አንድ ረቡዕ ስልጆ ባዝዝ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ገና አልኮመጠጠም፤ ለዓርብ ይደርሳል፤ ዛሬ ሽሮ ላምጣልዎት?» አለችኝ። ያልደረሰውን ሸጣልኝ ቢሆን ኖሮ ዓርብ አልመለስም ነበር። በዚያች ሰዓት ከዙሪያዬ የተቀመጡት ጡረተኞች፣ የባንክ ሠራተኞችና ሁለት ተሸካሚዎች ሲሆኑ ሁሉም የሚከፍሉት ዋጋ አንድ ነው።

እሑድ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ለሚመጡ እንግዶች ሲባል ድምፅ ማጉያ በረንዳው ላይ ይወጣል፣ የምግብ ዝርዝሩ ይቀየራል፣ ቂንጬው ከገበታው ይጠፋና በእጥፍ ዋጋ የበግ ጥብስ ይተካዋል። ለጥብሱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠብቄ የቀረበልኝ ስቡ የረጋ ነበር። ከዚያ የባሰው፣ የዘወትር ደንበኞቹ ሽማግሌዎች «በረንዳው ተይዟል» ተብለው ወደ ጓሮ መሸኘታቸው ነው። የእንግዶቹ መኪኖችም የልብስ ሰፊውን በር ዘግተው ስለሚቆሙ ሰውየው በዕለቱ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ግድግዳው ነው። ውስጡ በጭቃና በኖራ በጥሩ እጅ ታድሷል፤ የውጪውን ፊት ግን ለማሳመር ሲሉ በሲሚንቶ ለስነውታል። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ ማስወጣት አለበት፤ ሲሚንቶ ሲደፈንበት እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና የግድግዳውን ሥርና እንጨቱን ያበሰብሳል። በግራው በር አጠገብ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍታ ላይ ልስኑ አብጧል፤ በጣት ሲነካ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ተራ ሱቅ በመሆኑ ግን ያማከራቸው የለም። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ያበጠው ተነሥቶ በጭቃና በኖራ ቢተካ ብዙ ወጪ ያድናል።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1977 ጌልስበርግ፣ ማዲሰንና ሆት ስፕሪንግስ በተባሉ ሦስት ትናንሽ ከተሞች የጀመረው ሙከራ ደንበኞቻቸው ወደ ከተማ ዳር የገበያ ማዕከሎች የኮበለሉባቸውን የመሐል ሱቆች ለማንሣት ነበር። ዘዴውም ሕንፃ መጠገንን ብቻ ሳይሆን ነጋዴዎቹን ማደራጀትን፣ መንገዱን ማስተዋወቅንና ንግዱን ማጠናከርን አብሮ የያዘ ነው። እኛ ዘንድ ሦስት በር የከፈተው ባለቤት ይህን ሳያነብ ግማሹን ሠርቶታል፤ የእሑዱን ድምፅ ማጉያ ወደ ውስጥ ቢያስገባና መኪኖቹን ከበሩ ፈንጠር አድርጎ ቢያስቆም ደግሞ ልብስ ሰፊ ተከራዩን አያጣም።

የመጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውኃው ግን በባልዲ ነው። ክፍያ በስልክም ይቀበላሉ። ለሥራ ቀን ማለዳ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለእሑድ ሁለት እሰጣለሁ። ከሄዳችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ባናው ያለበትን የግራውን አግዳሚ ያዙ፣ ስልጆው ደርሶ እንደሆነም ከማዘዛችሁ በፊት አስተናጋጇን ጠይቁ።