ለትንሿ ሬዲዮአችን ያስገባሁት ዋይፋይ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኢንተርኔት የምናስተላልፋት ትንሽ የሬዲዮ ዝግጅት አለችን። ስቱዲዮው የኔ መኝታ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ያው የከተማችንን ብርድ ልብስ ነው (አትሳቁ፣ ይሠራል)። አድማጫችን ቢበዛ 30 ሰው ነው፤ ግማሹ ከመንዝና ከአንኮበር ወጥቶ ውጭ አገር የሚኖር።

ዋይፋዩን ሳስገባ ሻጩ «አስር ሜጋ ነው፣ የፈለጋችሁትን ትለቁበታላችሁ» አለኝ። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ነገሩ የሁሉም ቤት ይመስለኛል። እኔም አመንኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ጉድ ሆንን። አይስካስት የሚባለውን የኢንተርኔት ሬዲዮ ማሰራጫ ሶፍትዌር የራሴ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ሰው በቀጥታ ከኔ ቤት እንዲሰማ አድርጌ ነበር። እስከ ዘጠነኛው አድማጭ ሰላም ነበር፣ አስረኛው ሲገባ ድምፁ እንደ ፍየል መንተባተብ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተቋረጠ።

በማግስቱ ፍጥነቱን ለካሁት። ዳውንሎዱ 9 ሜጋቢት ገደማ ነው፣ ሻጩ ብዙም አልዋሸም። አፕሎዱ ግን 1.3 (1,300 ኪሎቢት)! ለሬዲዮ የሚያስፈልገው ደግሞ አፕሎድ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ላኪዎች ነን። ከቤት በቀጥታ ስትለቅ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ቅጂ ከአንተ መስመር ይስባል። በ128 ኪሎቢት ስንለቅ 10 ሰው ማለት 1,280 ኪሎቢት ነው፤ መስመሩ ጢም አለ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሻጮች «ሜጋ» ሲሉ ሜጋቢት ነው፤ ሜጋባይት ለማግኘት ለ8 አካፍሉት።

መፍትሔው ፈጣን ፓኬጅ መግዛት አልነበረም፣ እኔ ግን ልገዛ ነበር። ትንሽ ሰርቨር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለ ሁሌ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ተከራየን። አሁን ከቤት የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ ለ30 ሰው ማባዛቱ የሰርቨሩ ሥራ ሆነ። ወሬ ስለሚበዛብን ወደ 64 ኪሎቢት ኤኤሲ ፕላስ (ድምፅን በጣም የሚያጭቅ ፎርማት) ወረድን፣ ለንግግር በጣም በቂ ነው። የማሲንቆ ዘፈን ስናስገባ ጆሮው ቀጭን የሆነ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፣ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ልክ ከኛ ቤት በሰዓት የሚወጣው 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከሰርቨሩ ግን ለ30 ሰው 860 ሜጋባይት አካባቢ ይወጣል፣ ስለዚህ ሰርቨር ስትከራዩ የወር የዳታ ገደቡን እዩ።

አሁን ስለ ዋይፋዩ ራሱ። ቀን ቀን ጥሩ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲገባበት አፕሎዱ ወደ 400 ኪሎቢት ሲወርድ አይቻለሁ፤ ለኛ 64 ይሄም ይበቃል፣ ችግሩ አንዳንዴ ለአምስትና ለስድስት ሰከንድ ጭራሽ መጥፋቱ ነው። አድማጩ ጋ ቀድሞ የተጠራቀመ ድምፅ ስላለ አጭሯ መጥፋት አትታወቅም፣ ረጅሟ ግን ታስነቅፋለች። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት ብዙ ለውጥ አመጣ። ታናሽ እህቴ ቅዳሜ ማታ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ እንዳትጭን መለመኔም እንደዚያው። አንድ ቪዲዮዋ አፕሎዱን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል! መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩን በትንሽ ባትሪ እናቆየዋለን፣ እሱም ካልሆነ የስልክ ሆትስፖት አለ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለማታው መቆራረጥ ነው። ሌላዋን ለሻጩ፤ አፕሎዱ ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው «እሱ ምን ያደርግልሃል?» ብሎኝ ነበር።