600 ባር ማን ጠየቀ? የኤችፒኤልሲ ፓምፓችን ከወራት በኋላ

ይህን ኤችፒኤልሲ፣ ማለትም ናሙናን በፈሳሽ እየገፋ በውስጡ ያሉትን ቅመሞች የሚለይ ማሽን፣ ሲሸጡልን ከአፋቸው የማይጠፋው ቁጥር 600 ባር ነበር፤ ፓምፑ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ማለት ነው። እኛ የምንፈትሸው የመድኃኒት እንክብል ነው፤ 150 በ4.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲ18 ኮለም (ቅመሞቹ የሚለያዩበት፣ 5 ማይክሮን ቅንጣት የታጨቀበት ቱቦ)፣ ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር፣ የሚገፋው ፈሳሽ ውሃና አሴቶናይትራይል የሚባል ሶልቨንት። በእንዲህ ያለ ሥራ 100 ባር ማለፍ ራሱ ብርቅ ነው። ለፒያሳ መጨናነቅ በሰዓት 240 የሚሮጥ መኪና እንደ መሸጥ ነው። እኔ የምፈልገው ቁጥሩ የትም ይሁን የት፣ ያለበት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆምልኝ ነበር።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሠራ ነበር። ከዚያ የግፊቱ ንባብ መጨፈር ጀመረ። 95 ላይ የነበረው 60 ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል፤ ልክ ከፒስተኑ ምት ጋር። ፒኮቹም (ቅመም ሲወጣ ግራፉ ላይ የሚታዩት ጉብታዎች) ከሰዓታቸው ዘገዩ። ያው አንዱ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ኢንጀክት በተደረገ ቁጥር ሌላ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ በእንዲህ ያለ ውጤት ላይ ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው አይፈርምም።

ሻጩ ጋ ሲደወል መጀመሪያ «መብራት ነው» ተባልን። ጌታዬ፣ ጭፈራው በአሴቶናይትራይል ብቻ እንደሚመጣ ኋላ አየን፤ መብራት ውሃን ከአሴቶናይትራይል ይለያል እንዴ? ቀጥሎ «የፓምፑ ጭንቅላት በሙሉ ይቀየር» መጣ፣ ከነፕሮፎርማው። የፕሮፎርማውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፣ ደሜ ይፈላል።

ወደ ፍተሻው ገባን። ፐርጅ ቫልቩን (አየር ማስወጫውን) ከፍተን በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ለቀቅን፤ አረፋ የለም፣ ጭፈራው ግን አለ። ውሃ ብቻ ስናስኬድ መስመሩ ቀጥ አለ። በዚያው በአሴቶናይትራይሉ ቻናል ሜታኖል ስናስገባም ቀጥ አለ። አሴቶናይትራይል ሲመለስ ጭፈራውም ተመለሰ። የፒስተን ሲል (ማሸጊያው) ቢያልቅ ኖሮ ፈሳሽ አይመርጥም፣ ከጭንቅላቱ ሥርም እርጥበት ይታይ ነበር። ዲጋሰሩም (ከፈሳሹ አየር የሚያወጣው) ሆነ የጠርሙሱ ማጣሪያ ቢሆን ያው ቻናል በሜታኖልም ያስቸግር ነበር። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ከቱቦው ጫፍ ሥር አድርገን ሰዓት ያዝን፤ በ10 ደቂቃ መሙላት የነበረበት 11 አለፈው። ስክሪኑ ግን ፍሰቱን አሁንም «1.000» እያለ ነው፣ ያውም በሦስት አሃዝ!

የመግቢያውን ቼክ ቫልቭ (ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን) ፈታነው። ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ነገር ናት፤ ውስጧ የሩቢ ኳስ በሰንፔር መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ጆሮዬ ሥር አድርጌ ብነቀንቃት ዝም። አሴቶናይትራይል ኳሷን ከመቀመጫዋ ጋር ያጣብቃል፤ በፓምፕ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ደዌ ነው፣ ጭንቅላት ከሚሸጡት በስተቀር ማለቴ ነው። አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ከትተን ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ዕቃ) ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል አቆየናት። ስትወጣ ብነቀንቃት ቅጭል አለች። መልሰን ስናስራት 95፣ 95፣ 94፣ 95።

ዕቃው ከተገዛ በኋላ ማንም ያልነገረን ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጠርሙሱን ተጭኖ ፈሳሹን ወደ ፓምፑ የሚገፋው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የተከለው ባለሙያ ጠርሙሶቹን ከማሽኑ ጎን ደርድሮልን ሄደ። አሁን ከፓምፑ በላይ ናቸው፤ በአሴቶናይትራይሉም ላይ 10 በመቶ ውሃ ቀድመን እንቀላቅልና ሬሾውን በዚያ እናስተካክላለን።

ግፊት ሽቅብ ሲወጣ ያን ያህል አያደክምም። ከዲቴክተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ቱቦውን አንድ በአንድ መፍታት ነው፤ ሲፈታ ግፊቱ የወደቀለት ቦታ እሱ ነው የተደፈነው። ፎስፌት ባፈር (አሲድነትን የሚያረጋ የጨው ውሃ) ብዙ አሴቶናይትራይል ሲያገኝ ጨው ሆኖ ስለሚዘቅጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ባለፈው ወር ቢጠይቁኝ ኖሮ ውሰዱልኝ ነበር የምለው። ዛሬ ግን ፓምፑን አልሰጥም፤ ብረቱ ደህና ነው፣ ነገረኛው ሽያጩ ነው። ለመግዛት ያሰባችሁ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ንጹሕ አሴቶናይትራይል በፊታችሁ ግማሽ ቀን ያስኬዱላችሁ፣ የግፊቱን ግራፍ ያትሙላችሁ፣ መለዋወጫ የመግቢያና የመውጫ ቼክ ቫልቭም ውሉ ላይ ይግባ። 600 ባሩን ይቀንሱላችሁ፣ ግድ የለም።