ኤክሴል 2019 ከዘጠኝ ወር የደመወዝ ሥራ በኋላ

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የ64 ሠራተኞችን ደመወዝ፣ የፈቃድ መዝገብና የግል ማኅደር ስረከብ በተሰጠኝ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያገኘሁት ኤክሴል 2019 ነበር። ይህን የምጽፈው በየካቲት 2018 ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት ፕሮግራሙን ሳልከፍት የዋልኩበት የሥራ ቀን የለም ማለት እችላለሁ። ኤክሴል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የምገመግመው በአማርኛ ስም፣ በራሳችን የቀን አቆጣጠርና በአገራችን የግብር ሕግ ለሚሠራ ቢሮ ምን ያህል እንደሚመች፣ በማይመችበት ቦታ ደግሞ በምን ዘዴ እንደማልፈው ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት በራሴ ጥፋት ነው። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አኃዝ ቁጥር ከየሠራተኛው ካርድ እያየሁ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ስመዘግብ ዋልኩ። በማግሥቱ ዝርዝሩን ያሳየኋት ባልደረባዬ ገና ከመቀመጧ «የሁሉም ሰው ቁጥር በዜሮ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ኤክሴል የአንድን ቁጥር 15 አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ 16ኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ አድርጎታል፤ አንዴ የጠፋው አኃዝ ደግሞ ኋላ ፎርማቱን በመቀየር አይመለስም። 64ቱንም ካርድ እንደገና ለመሰብሰብ ተገደድኩ። በስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ የሚጠፋውም፣ 13 አኃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በመካከሉ ኢ የሚል ፊደል ያለበት አጭር ቁጥር ሆኖ የሚታየውም ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ነው፤ የእነዚህ ግን ጉዳታቸው ቀላል ነው። መድኃኒቱ አንድ ቁጥር እንኳ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጦ፣ ኮንትሮልንና 1ን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ቴክስት» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ በየሴሉ ጥግ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ዓይን ቢያስቸግርም ችላ ማለት ይቻላል። ዛሬ ለማይደመርና ለማይቀነስ ቁጥር ሁሉ ይህንኑ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ያተረፈልኝ ግን አንድ መስመር የማይሞላ የቀን ፎርሙላ ነው። ለኤክሴል ቀን ማለት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የሚቆጠር ተራ ቁጥር ነው፤ «መስከረም 1» ተብሎ የተጻፈለትን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ስለሚያየው ሊደምረውም ሊቀንሰውም አይችልም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የቅጥርና የፈቃድ ቀኖችን ከግድግዳ ካላንደር ላይ እያየ አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጥ ነበር። እኔ አሁን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት ዓምዶች ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ፎርሙላው ዓመቱን በ365 ያባዛል፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን በመጣል ሙሉውን ቁጥር ይደምራል፣ ወሩን በ30 አባዝቶ ይደምራል፣ ቀኑን ይደምራል፣ በመጨረሻም ከጠቅላላው 691,194 ይቀንሳል። መስከረም 1 ቀን 2016ን ብንወስድ፣ 735,840 እና 504 እና 30 እና 1 ሲደመሩ 736,375 ይሆናሉ፤ 691,194 ሲቀነስ 45,181 ይቀራል። ይህን ቁጥር ኤክሴል በቀን መልክ እንዲያሳይ ሲታዘዝ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይላል፤ ትክክልም ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ያለ ምንም ልዩ ትእዛዝ ትገባለች፣ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን ስድስተኛ ቀንም ለአራት ማካፈሉ ይሸከማታል። ወሮቻችን እኩል ሠላሳ ቀን ስለሆኑ የእኛ አቆጣጠር ለስሌት ከፈረንጆቹ ይልቅ የተመቸ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ኤክሴል ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የጥንት የሰንጠረዥ ፕሮግራም በወረሰው ስሕተት ምክንያት በ1900 ያልነበረች የፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሚቆጥር፣ ፎርሙላው ከየካቲት 1892 ዓ.ም. በፊት ላሉ ቀኖች አይሠራም፤ በዚያ ዘመን የተቀጠረ ሠራተኛ ስለሌለን አላሳሰበኝም።

ቀኑ በዚህ መንገድ እውነተኛ ቁጥር ከሆነ በኋላ ሌላው ሥራ ይቀላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ ይህን በጣት መቁጠር አድካሚ ከመሆኑም በላይ በዓል በመጣ ቁጥር ያሳስታል። የሥራ ቀናትን ቆጥሮ የመጨረሻውን ቀን የሚሰጠው «ወርክዴይ» የሚለው ፎርሙላ «ኢንትል» የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ወንድም አለው፤ የዕረፍት ቀን መለያው ላይ 11 ሲጻፍለት እሑድን ብቻ ያስቀራል፣ የበዓላት ዝርዝርም ከሌላ ገጽ ያነባል። ቅዳሜን እንደ ሙሉ የሥራ ቀን ለሚቆጥር እንደ እኛ ላለ ቢሮ የሚሆነው ይህ ነው፤ ተራው «ወርክዴይ» ቅዳሜንም እሑድንም ስለሚዘል ቀኑን ያርቀዋል።

የግብሩ ነገር ደግሞ በሐምሌ 2017 ራሱ መጣ። ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ 35 በመቶ የሚጀምርበትም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ተሸጋገረ። የተረከብኩት ፋይል በእያንዳንዱ ሠራተኛ ረድፍ ውስጥ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚሉ፣ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ስድስት «ኢፍ»ዎች ነበሩት፤ አሮጌዎቹ ቁጥሮች በሙሉ በውስጣቸው ተቀብረው ነበር። ሁሉንም ሰርዤ በሌላ ገጽ ላይ የእርከኑን መነሻ፣ መቶኛውንና ተቀናሹን የያዘ ባለ ስድስት ረድፍ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ «ቪሉክአፕ» የሚባለው መፈለጊያ ፎርሙላ የመጨረሻ መለያው «ትሩ» ሲሆን ገቢው የሚያርፍበትን እርከን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። 12,500 ብር የሚከፈለው ሰው ከ10,000 በሚጀምረው እርከን ላይ ያርፋል፤ 30 በመቶው 3,750 ነው፣ ተቀናሹ 1,350 ሲወጣለት ግብሩ 2,400 ብር ይሆናል። የጡረታውን የሠራተኛ 7 እና የአሠሪ 11 በመቶም እዚያው ገጽ ላይ አስቀመጥኩ። ሕጉ ነገ ቢለወጥ የምነካው ያንን ገጽ ብቻ ነው።

በስም በኩል ፕሮግራሙ ብዙ አይረዳም። አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ብሎ የጻፈውን ስም ኤክሴል ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይወስደዋል። እዚህ ላይ የደረሰልኝ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት የጥያቄ ምልክት ነው፤ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «?ይሉ» ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ምንም ይሁን ምን ሁሉንም ያመጣል። ተመሳሳዮችን በሚቆጥረው «ካውንትኢፍ» እና በ«ቪሉክአፕ» ውስጥም ይሠራል። ጉድለቱ እንደ ፀሐይ ባለ ስም ሁለት ተጠራጣሪ ፊደላት ሲኖሩ ይታያል፤ «??ይ» ያልተፈለገውንም ሁሉ ጠርጎ ያመጣል። የሠራተኛውን ስም ከአባትና ከአያት ስም ለመለየት ደግሞ የመጀመሪያውን ሰው ስም በእጅ ጽፎ ከሥሩ ባለው ሴል ላይ ኮንትሮልንና ኢን መጫን ብቻ ይበቃል፤ ፍላሽ ፊል የሚባለው ይህ ዘዴ የተቀረውን ይሞላዋል። ወልደ ጊዮርጊስና ገብረ ሥላሴ ተለያይተው ከተጻፉ ግን «ወልደ» ብቻውን ስም ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ በዓይን ሳላልፍበት ለማንም አልሰጥም።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ኤክሴል ራሱ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ሲጫን በየ10 ደቂቃው ነው፤ ከ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» የሚለው ጋ ገብቼ ወደ 2 ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በኃይል መቋረጥ ከጥቂት ረድፍ በላይ አላጣሁም።

የዚህ ዕትም ትልቁ ድክመት «ኤክስሉክአፕ» የሚባለው አዲሱ መፈለጊያ የሌለው መሆኑ ነው፤ አዲስ ዕትም ካለው ቢሮ የሚላክልን ፋይል እሱን ከያዘ ውጤቱ ሲታደስ የስሕተት መልእክት ይሆናል። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለ2019ኙ ዕትም የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቋርጧል፤ ፕሮግራሙ መሥራቱን ባያቆምም የደኅንነት ማሻሻያ ከእንግዲህ አይመጣለትም፤ ስለዚህ በኢሜይል የመጡ ፋይሎችን በዚህ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ትቻለሁ። አዲስ ፈቃድ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ገና ስላልተወሰነ፣ ባለፈው ወር የደመወዙን ፋይል ቅጂ ነጻ በሆነው ሊብረኦፊስ ከፍቼ ሞከርኩት። የግብር ሰንጠረዡ ያለ ምንም ለውጥ ሠራ፤ ሊብረኦፊስም ቀንን የሚቆጥርበት ተራ ቁጥር ከኤክሴል ጋር አንድ ስለሆነ 691,194 እዚያም ያው ነው።